ድንኳን መራጩ አራጌ

የመቱ ዳገት ብስክሌት አይወድም። ከወንዙ ድልድይ ተነስቶ ወደ ገበያው የሚወጣ ሰው ባዶ እጁን ቢሆን እንኳ መሐል ላይ ቆም ብሎ፣ ወገቡን ይዞ ነው የሚቀጥለው። አራጌ ግን ያን ዳገት ከኮርቻው ሳይወርድ ይወጣው ነበር። ገበያተኛው መንገድ ይለቅለታል፤ አንዳንዱም አህያ ጠፍቶ ነው ወይ በብረት የምትሰቃየው እያለ ይተርበዋል። እሱ ትንፋሹን ለዳገቱ ስለሚቆጥብ አይመልስም። ላይ ሲደርስ ብቻ ዞር ብሎ ይስቃል።

ሥራውም ያው ብስክሌት ነበር። ከገበያው በታች ባለች የቆርቆሮ ጥጉ ተቀምጦ ቸርኬ ያቃናል፣ ካቴና ይቀጥላል፣ ጎማ ይለጥፋል። ከተማው በባጃጅ ሲሞላ የባጃጅ ጎማም መለጠፍ ጀመረ፤ እንጀራ ነውና። ልቡ ግን ከብስክሌቱ ላይ አልወረደም።

ወደዚህ አገር ሲመጣ የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሰው ከወሎ በጭነት መኪና እየተጫነ ወደ ኢሉባቦር ሲሰፍር፣ እናቱ እትዬ ረሂማ እሱንና ታናሽ እህቱን ነኢማን ይዘው ከሐርቡ ገጠር መጡ። አባትየው እዚያው አገራቸው፣ ዋርካ ሥር ተቀብረው ቀሩ። መኪናው ላይ ከአቧራና ከዝናብ መከለያ ተብሎ ሸራ ተጥሎበት ስለነበር፣ እትዬ ረሂማ ያን ሁሉ አገር ሲያቋርጡ ከሸራው በቀር ያዩት ነገር የለም። ዕድሜ ልካቸውን የሚሉት ይህንኑ ነው፤ «መንገዱን አላየሁትም። ያላዩትን መንገድ ደግሞ አይመለሱበትም።»

ዳሪሙ፣ የሰፈራው ቦታ፣ ከደረሱ በኋላም ቤት እስኪሠራ ድረስ ያደሩት ሸራ ሥር ነው። ዝናቡ፣ ከወሎ ሰማይ የጠፋው ውኃ ሁሉ እዚህ ተጠራቅሞ የጠበቃቸው ይመስል፣ ቀንም ሌትም ወረደ። ነኢማን ሳል ያዛት። አንድ ጠዋት ሌላው ሁሉ ሲነቃ እሷ አልነቃችም። አራጌ ከዚያ ጠዋት የሚያስታውሰው ሸራውን ነው፤ በውስጥ በኩል ልክ እንደታመመ ሰው አልቦት፣ ጠብ ጠብ ይል ነበር።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ረሂማ የሸራ ድምፅ መስማት አይችሉም። ወደ መቱ ከገቡ ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ፣ ጎረቤት በቆሎ ለማስጣት ሸራ ሲያራግፍ ከሰሙ በራቸውን ይዘጋሉ። አገሩን አልጠሉትም። እድር ገብተዋል፣ ሰው ሲሞት ቀድመው ይደርሳሉ፣ ከጎረቤታቸው ከሻሽቱ ጋር በኦሮምኛ ተከራክረው በኦሮምኛ ይታረቃሉ። ልባቸው ግን እንግዳ ነበር። እዚህ የሚቀብረኝ አላጣም፣ የሚያለቅስልኝ ነው የሌለኝ ይሉ ነበር።

አራጌ አርባ ዓመቱን ሲደፍን ያን መንገድ ሄዶ ሊያይላቸው አሰበ። በአውቶቡስማ ማንም ይሄዳል፤ ዛፉ በመስኮት በኩል ሮጦ ያልፍሃል እንጂ አታየውም። በብስክሌት ግን ሰው እያንዳንዱን ዳገት በጉልበቱ ያውቀዋል፣ እያንዳንዱን ወንዝ በጆሮው ይሰማዋል። ይህን ሐሳብ የጫሩበት ሁለት ፈረንጆች ነበሩ። ባልና ሚስቱ በጅማ በኩል በብስክሌት መጥተው፣ የባልየው ቸርኬ ተጣሞባቸው አራጌ ዘንድ ገቡ። ቸርኬው እስኪቃና ግቢው ውስጥ አደሩ። ሴትየዋ ከጥቅል ጎመን የማትበልጥ ነገር አወጣችና አራገፈቻት፤ ሁለት ቀጫጭን ዘንግ አሳለፈችባት፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ የብርቱካን ቀለም ያላት ቤት ግቢው መሐል ቆመች። አራጌ አፉን በእጁ ይዞ ቀረ። ዝናቡ መጣ፣ ወረደ፣ ሄደ፤ ሁለቱ ሰዎች በማግስቱ ደረቅ ልብስ ለብሰው ወጡ። ጋምቤላ ደርሰው ጉዟቸውን ሲጨርሱ ያችኑ ድንኳን ጠቅልለው በሚኒባስ ሾፌር ላኩለት።

እንግዲህ ብስክሌቱም ጉልበቱም ነበር፤ የጎደለው ምርቃት ብቻ ነው። እትዬ ረሂማ ደግሞ ገና ድንኳን የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። ያችን የፈረንጅ ድንኳን አራጌ ሊያሳያቸው ቢሞክር በሩቁ አይተው፣ ይህቺ የሽንኩርት ልጣጭ ናት አሉ። ሸራ ሥር የሚያድር ልጅ አልመርቅም፣ አንዷ ትበቃኛለች ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። አራጌ ያለ እናቱ ምርቃት ከመቱ ድልድይ የሚሻገር ሰው አይደለም።

ስለዚህ ድንኳን መምረጥ ያዘ። ሚስቱ ጀሚላ፣ የሰው ባል ለሚስቱ ቤት ይሠራል፣ የኔው የጨርቅ ጎጆ ያማርጣል እያለች ለጎረቤት አማችው። ገበያው ሁሉ ሰማያዊውን ላስቲክ ሸራ መከረው፤ ቀላል ነው፣ በየሱቁ አለ። አራጌ እሱን ቤት ድረስ እንኳ ሊያመጣው አልፈለገም። ብርቱካኗም ብትሆን እጁን ከውስጥ ሲያደርግ ጣቶቹ ይቆጠሩባታል፤ እንዲህ የሳሳውን ለእናቱ ምን ብሎ ያስረዳል? እናቴን የሚያሳምናት ወፍራሙ ነው ብሎ ቆረጠ።

ወፍራም ሲባል በሰፈሩ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእድሩ አሮጌ ድንኳን። አረንጓዴ ነው፤ የወታደር ሸራ። እድሩ የብረት ቋሚ ያለው አዲስ ድንኳን ሲያስመጣ አሮጌው መጋዘን ገብቶ ነበር። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ጋሼ አብደታ የዚያን አንድ ጎን ቆርጠው ለአራጌ ሰጡት። እሱም በልኩ አሰፋው፤ ካስማም ሠራለት። ብስክሌቱ ላይ ሲጭነው ብስክሌቱ አቃሰተ። ቢሆንም ይሁን አለ።

መሞከር ነበረበትና ቅዳሜ ወደ ማታ፣ ጓሮው ጭቃ ስለሆነበት፣ ከቤቱ በር ፊት ለፊት ተከለው። ክረምት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። አራጌ ከሥሩ ተኝቶ አንዲት ጠብታ አልነካችውም። ጎህ ሲቀድ ደስ ብሎት ተነሳና ዳቦ ሊገዛ ወረደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ረስቷል። የሰፈሩ ሰው ያን አረንጓዴ ሸራ እንደ ዘመድ ፊት ያውቀዋል። ያንን ለብሶ ያላለቀሰ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ደግሞ በር ላይ ለቅሶ ድንኳን ያየ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። እያለቀሰ ይገባል እንጂ። እትዬ ረሂማም ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ሳል ይዟቸው ከቤት አልወጡም ነበር።

ሻሽቱ በጭጋግ ውስጥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ሸራውን አየችው። የእድሩን ጥሩምባ አለመስማቷን እንኳ ዝናቡ አፍኖት ይሆናል ብላ ተቀበለችው። ነጠላዋን አዘቀዘቀች። «ሃርሜ ኮ» እያለች፣ እናቴ እናቴ እያለች ጮኸች። የሷን ጩኸት የሰማ ሁሉ ወጣ። ከመስጊድ የሚመለሰውም ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም እዚያው ተገናኘ፤ እስላም ቀብሩ ስለማይዘገይ ጎልማሶቹ ዶማና አካፋቸውን ይዘው መጡ። አንዷማ ንፍሮውን ጥዳ ሳይበስል ከነድስቱ ይዛው ደረሰች።

እትዬ ረሂማ ጩኸቱን ከአልጋቸው ላይ ሰሙ። እሳቸው የሚያውቁት ልጃቸው በሸራ ሥር ማደሩን ነው። ሌላ ነገር አላሰቡም። በባዶ እግራቸው፣ ፀጉራቸውን ሳይሸፍኑ ወጡና ሕዝቡን ሰንጥቀው የድንኳኑን መጋረጃ በሁለት እጃቸው ገለጡት። ባዶ ነው። የአራጌ ብርድ ልብስ ብቻ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ዞር ሲሉ ልቅሶው ሁሉ ጸጥ ብሏል፤ ሻሽቱ ሁለት እጇን ራሷ ላይ እንደጫነች ደርቃለች። በዚህ መሐል አራጌ ዳቦውን በብብቱ ይዞ ከተፍ አለ።

እትዬ ረሂማ ልጃቸውን አዩት፣ ሰውን አዩት። ድምፃቸው ቀጭን ሆኖ፣ «ታዲያ ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

ሰው ሁሉ እግሩን ያያል። ሸራውን የቆረጡለት እሳቸው መሆናቸው ያን ጊዜ ትዝ ያላቸው ጋሼ አብደታ ብቻ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ ረሂማ» አሉ።

«እኔ?»

«አዎ። ይቅርታ ያድርጉልን።»

እትዬ ረሂማ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ፊት ዓይናቸውን አዞሩ። የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ ያበጠውን ዓይን፣ ጭቃ የነካውን ዶማ፣ ጥሬውን ንፍሮ አዩ። መንገዱ እስከ ታችኛው ጥግ ድረስ ሰው ነው፤ ከጭጋጉ ውስጥ ገና የሚመጣ አለ። አንዲት ስሟን እንኳ የማያውቋት ሴት ደረቷን እየመታች መጥታ፣ ሟቿን ቆመው ስታያቸው መሬት ላይ ዘጭ አለች።

«ይሄ ሁሉ ሰው የኔ ነው?» አሉ እትዬ ረሂማ።

ሻሽቱ ያን ጊዜ እንደገና ማልቀስ ጀመረች፤ አሁን የሚቀላቀልበት ሳቅም ነበር። «የማን ሊሆን ነው ታዲያ? ጠዋት ጠዋት ከማን ጋር ልጣላ ነበር?» አለች።

ሰው ሊበተን ሲል እትዬ ረሂማ አገዱት። ለቅሶ የደረሰ ሰው ሳይቀመጥ አይሄድም አሉ። አራጌም ሸራውን በአንድ በኩል ወደ ላይ ወጠረው፤ የቻለው ከሥሩ፣ ያልቻለው ከጎኑ ተቀመጠ። ንፍሮው በጀሚላ ምድጃ ላይ በሰለ። ሟቿ መሐል ተቀምጠው ሻሽቱን ያለቀሽውን እስቲ ድገሚው እያሉ አስደገሟት፤ ያንን አላደረግሁም፣ ይሄኛውን ረስተሻል እያሉም አረሟት። ዝናቡ ተመልሶ መጣና አረንጓዴውን ሸራ ይደበድበው ጀመር። እትዬ ረሂማ ቀና ብለው አዩት። በራቸውን ለመዝጋት ግን አልተነሱም።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ልጃቸውን ጠሩትና፣ ያችን የሽንኩርት ልጣጭ አምጥተህ ትከላት አሉት። አራጌ ጆሮውን አላመነም። ዝናቡ ሳያባራ ጓሮ ተከላት። እትዬ ረሂማ ጎንበስ ብለው፣ በእጅና በጉልበታቸው ተስበው ገቡና ዚፑን ከውስጥ ዘጉት። አራጌ ደጅ ላይ እየራሰ ቆሞ ጠበቃቸው። ምንም አይሰማም። ዝናቡ ደከመ፤ ፀሐይ ከደመናው ሥር ወጥታ ድንኳኗን ስትነካት እንደ ፋኖስ በራች፤ በውስጧ የእናቱ ጥላ እጁን ዘርግቶ ጨርቁን ቀስ ብሎ ሲደባብስ ታየው።

ሲወጡ እጃቸውን አሳዩት፤ ደረቅ ነበር።

«ትተነፍሳለች» አሉ። «ያኔ ያለበሱን ሸራ አይተነፍስም ነበር። ልጄን የወሰደብኝ እሱ ነው መሰለኝ።» ድንኳኗን ደበስ አደረጉና፣ «አንተ ይህቺን ይዘህ ሂድ። አረንጓዴውን ግን አትወስድብኝም፣ የኔ ነው። መቼም ሰው ቤቱን በብስክሌት አይጭንም» አሉት።

ከዚያ መረቁት። መንገድህ አልጋ ይሁን፣ ወንዙ ይጉደልልህ፣ ዳገቱ ይጥፋልህ አሉ። አራጌ በእያንዳንዷ አሚን እያለ ጉልበታቸውን ሳመ። አዲሱ ነገር መጨረሻ ላይ መጣ። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ የሚያወሩት ወደ ወሎ ስለመሄድ ነበር፤ ያን ቀን ግን አይተህ ተመለስ፣ ለለቅሶዬ እንዳትታጣ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ብቻህን ነህ የምታስተናግደው አሉ።

አራጌ መስከረም ሲጠባ ተነሳ። ጀሚላ ስንቁን እያሰረች፣ የጨርቅ ጎጆህ እንዳታስኮበልልህ አለችው። ከኮርቻው ኋላ ብርቱካኗ ጥቅል ታስራ፣ ወደ ሁሩሙ በሚወስደው መንገድ እያነሰች እያነሰች ሄዳ ከአደይ አበባው ጋር ተቀላቀለች።

ባደረበት ሁሉ ይደውላል። በደሌ፣ አጋሮ፣ ጊቤ እያለ የመንገዱን ስም ይነግራቸዋል፤ እሳቸውም ስልኩን ዘግተው ስሞቹን እንደ ዱዓ ይደግሟቸዋል። ሻሽቱም አብራቸው ተቀምጣ ታዳምጣለች። አንድ ቀን ከጣርማበር ላይ ደወለ። ድምፁ ራሱ ሌላ ነበር።

«እማ፣ እዚህ ጋ መሬቱ ያልቃል» አላቸው። «ከእግሬ በታች ደመና አለ። ከደመናው በታች ደግሞ ገደል፣ ከገደሉ በታች ሌላ አገር አለ፤ ወንዙ እንደ ክር ይታያል። ምን ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም።»

«እኛም በዚህ ነው ያለፍነው?»

«በዚህ ነው፣ እማ። መንገዱ ይሄው አንዱ ነው።»

እትዬ ረሂማ ስልኩን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ጫኑት። ሻሽቱ ምን ሆኑ ብላ ፊታቸውን ታያለች። «ይሄን ነው ሸራ የጣሉበት?» አሉ።

ከዚያ ድምፃቸውን አስተካክለው፣ በል ጠግበህ እየው አሉት። ስትመለስ በዚያው ና፣ ሌላ መንገድ እንዳትይዝ፣ አሁን እኔም አውቄዋለሁ አሉት። አረንጓዴው ሸራ ታጥፎ ከአልጋቸው ሥር ነበር። ስልኩን ሲያስቀምጡ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ነካ አደረጉትና፣ ለሻሽቱ ስለ ጣርማበር ሊነግሯት ወደ እሷ ዞሩ።