ጭንቅላት ለኪው

በኢስት ኮልፋክስ ጎዳና፣ ከአንድ የሐበሻ ሱቅ ጓዳ ፎቶ የሚያነሱት ሽማግሌ ጭንቅላት ለክተው የዲቪ ዕድል ይናገራሉ ይባላል። ወሬው ከከተማው አንድ ዳር ከኦሮራ ተነሥቶ ሌላው ዳር ሌክውድ እስኪደርስ ጠንቋይ ሆነው ቁጭ አሉ። ውሸት ነው። የሚለኩት ፎቶውን ነው፤ ፎቶው ላይ ያለው ጭንቅላት ከታዘዘው መጠን ካለፈ ወይም ካነሰ ማመልከቻው ይወድቃላ!

ሠርካዲስ የእኅቷን ፎቶ በስልኳ ይዛ ስትሮጥ መጣች፤ ዲቪው ነገ ይዘጋል። ሽማግሌው በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀት እንኳ የማያወልቋትን ክራባት አቃንተው፣ ፎቶውን ከስልኳ ወደ ኮምፒውተር አዛውረው፣ ማስመሪያቸውን መስኮቱ ላይ ለጠፉ።

«ጋሼ፣ ጭንቅላቷ ተለቀ እንዴ?»

«ልክ ነው። የዛሬ መቶ ዓመት ግን እዚህ አገር ምሁር ነን ባዮች የሰውን ቅል ራሱን ነበር የሚለኩት። ይኼ ዘር ደደብ ነው፣ አይግባብን አሉ፤ ሕግ አውጪውም ሰማቸው።»

«የኛን ቢለኩማ በጎፈሬው ብቻ እናልፍ ነበር!» አለች። ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ።

እሳቸውም ፈገግ ብለው ከመሳቢያ የአንዲት ሴት ዘጠኝ ፎቶ አወጡ፤ በየዓመቱ ለዲቪ የተላከ አንድ። በመጀመሪያው ሹሩባ ተሠርታለች፤ በመጨረሻው ሽበት ጀምሯታል።

«የእኅቴ ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለካኋት፤ አንድ ቀን ከልኩ አልፋም ጎድላም አታውቅ፤ ዕጣው ግን አንዴም አልወጣላትም። ዕጣ አውጪዎቹ ታዲያ ምኗን ነው የሚለኩት?»