ሸህዬ ይዘውት የተሳፈሩት አደራ

የሰፈራችን ሽማግሌ ሸህዬ ሐጅ ሲሄዱ የጉዞውን ጉዳይ ያስፈጸምኩት እኔ ነበርኩ። የቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩና፣ ክርስቲያን ብሆንም ሐይቅ ከተማ ውስጥ ፎርም የሚሞላ ሰው ሲፈለግ ጣት የሚቀሰረው ወደ እኔ ነው። ለፓስፖርቱ፣ ለመውጫ ቪዛው፣ ለክትባት ካርዱ ደሴ ስመላለስ ጫማዬ አለቀ። ቲኬቱ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጅዳ ተቆረጠ። ሻንጣው ከሃያ ኪሎ እንዳይበልጥ ሥጋ ቤት ወስጄ አስመዘንኩት።

ሻንጣውንስ መዘንኩ፤ አገሬውን ማን ይቻለው? እኛ ዘንድ ሐጅ የሚሄድ ሰው የመንደሩን ሁሉ ጉዳይ ይዞ ሄዶ እዚያ ዱዓ ያደርጋል፣ ይጸልያል። እስላም ክርስቲያን ሳይባል ሰዉ ተሰለፈ። «እንዳይረሱት በወረቀት ይያዝ» ያልኩት እኔው ነኝ፤ በገዛ አፌ ያመጣሁት ጣጣ! ሦስት ቀን ሙሉ ሸህዬ አጠገብ ቁጭ ብዬ የነገሩኝን እየጻፍኩ፣ ጮክ ብዬ እያነበብኩ አንድ ከረጢት ሞላሁ።

ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሹ ከረጢቱን ሲከፍት ክው አልኩ። በዚያ በደርግ ዘመን ወረቀት ይዞ መገኘት ስንቱን እንዳስበላ እያወቅኩ፣ ያን ሁሉ ወረቀት፣ ያውም በራሴ እጅ ጽሑፍ! ምን ዓይነት ጅል ነኝ?

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሰው ጉዳይ ነው፣ ጓድ» አልኩ እየተንተባተብኩ።

አንዱን አንስቶ አነበበ። «‹አማቴ ከቤቴ በሰላም እንድትወጣልኝ›?» ሌላ አነሳ። «‹ቀይዋ ላም ዘንድሮ እንኳ እንድትወልድልኝ›?» ሳቁን ዋጠና ፊቱን አኮሳተረ። «ሽማግሌው ይሂዱ። ወረቀቱ ይቀራል።»

«የሰው አደራ እኮ ነው!» ብዬ ልጮህ ስል ሸህዬ ክንዴን ያዙ።

«አብሽር ልጄ! ቁርኣንን በቃሌ የያዝኩ ሰውዬ ቀይዋ ላም ትጠፋኛለች? ስታነብ ሁሉንም ይዣለሁ።»

«ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ለምን አስለፉኝ?»

«ስትጽፍ ደስ ሲልህ አይቼ ነዋ!»

ፈታሹ ከኋላችን እየተከተለ እስከ አውሮፕላኑ ሸኘኋቸው። አውሮፕላኑ ለአፍታ ያረፈ ስለነበር አንደኛው ሞተሩ አልጠፋም፤ ጆሮ ይበጥሳል። ሸህዬ ደረጃው ላይ ቆም ብለው ዞሩ።

«አንዷን ግን ጮክ ብለህ አላነበብካትም!» አሉኝ እየጮሁ። «ዝም ብለህ ጽፈህ ከሥር ከተትካት። እሷን አልያዝኳትም፤ ንገረኝ!»

የራሴዋ ነበረች። ታናሽ ወንድሜ ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ በኋላ ደብዳቤው ተቋርጦብን ነበር። ስጽፋት እናቴ እዚያው ተቀምጣ ስለነበር ፍርሃቴን እንዳትሰማ ብዬ ነው ያላነበብኩት። አሁን ግን በሞተሩ ጩኸት ላይ መጮህ ግድ ሆነብኝ።

«ወንድሜ ከጦር ሜዳ በሕይወት እንዲመለስ!»

ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሰማኝ። ሸህዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ያዝኳት!» አሉና ገቡ።

ከኋላዬ፣ ጆሮዬ ሥር «አሜን» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ፈታሹ ነው፤ ከረጢቱን እንዳቀፈ፣ ማን ሰማኝ ብሎ ግራ ቀኙን ያያል።