በባቡር ነው ያልነው

የትናየት ከወረኢሉ ብርድ ወጥታ ሰመራ የመንግሥት ሥራ የያዘች ሰሞን፣ ሙቀቱን እለምደዋለሁ ብላ ነበር። አልለመደችውም። መዝገብ ቤት ውስጥ ማራገቢያው ወረቀት እንዳይበትንባት ድንጋይ እየጫነች፣ ቤት ስትገባ ፍራሿን በረንዳ ላይ እያወጣች ዓመታት አለፉ። ባሏ እሸቴ ግን ሙቀቱም አቧራውም ግድ አልሰጠውም። ሎጊያ ላይ ጋራዥ አለው፤ በጂቡቲ መንገድ የሚመላለሰው የከባድ መኪና ሾፌር ሁሉ ስልኩን ያውቃል። በሠርጋቸው ዕለት እንኳ ሚሌ መንገድ ላይ የቆመ ተሳቢ ሊያስነሣ ከሚዜዎቹ መሃል ተነሥቶ ሄዶ፣ ሙሽራዋ ከኬኩ ጋር ተገትራ ጠብቃዋለች።

ዘንድሮ የዒድ በዓል ከቅዳሜና እሑድ ጋር ሲገጥም፣ "ቁልቢ እንሂድ፤ አንድ ሌሊት እንኳ ተራራ ላይ ሹራብ ለብሼ ልደር" አለችው።

"እንሂድ።"

"በባቡር ግን።"

"ባቡር ምን ያደርግልሻል?" አለ እሸቴ። "መኪና እንከራይና ከደጃችን ተነሥተን፣ አዋሽን አልፈን፣ በአሰበ ተፈሪ አድርገን ቀጥ ነው። ባቡሩ እኮ ድሬዳዋ ላይ ጥሎሽ ነው የሚሄደው፤ ከዚያ እንደገና ሚኒባስ ፍለጋ ነው።"

"መኪና ካለ አንተ ኮፈን ከፍተህ ታጎነብሳለህ። ባቡር ላይ የምትከፍተው ነገር የለም። እጅህን ታጥበህ አጠገቤ ተቀመጥልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ሳቀና እሺ አለ። አዋሽ ላይ የምታስተምረው እህቷ ሠርካዲስ የመታወቂያቸውን ኮፒ ይዛ ሄዳ የሁለቱንም ትኬት ቆረጠችላቸው። ወደ አዋሽ በሚኒባስ ወርደው፣ እሷ ዘንድ አድረው፣ በማግሥቱ ባቡሩን ሊይዙ ተስማሙ።

የመሄጃቸው ዕለት ጧት እሸቴ ነጭ አውቶሞቢል እየነዳ መጥቶ ደጃፉ ላይ ክላክስ አደረገ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ተከራየሁልሽ! የደንበኛዬ የአብዱልበሲጥ መኪና ናት።"

"በባቡር ነው ያልነው።"

"ኧረ የትዬ፣ እንደ ሰው ደልቶሽ እንድትሄጂ ብዬ እኮ ነው።"

ጎረቤት በር ላይ ወጥቶ ያያል። የትናየት ቦርሳዋን ከኋላ ወረወረችና ገባች። እስከ ገዋኔ ድረስ ከአፏ የወጣው "መስኮቱን ዝጋው" የሚል ብቻ ነበር።

ገዋኔን እንዳለፉ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይትጎለጎል ጀመር። እሸቴ መኪናዋን ዳር አስያዛት። አልደነገጠም፣ አልተበሳጨም፤ ሸሚዙን አወለቀና ከዕቃ መጫኛው የመፍቻ ሣጥኑን፣ ከሥሩም በጀሪካን የተሞላ ውሃ አወጣ። ለዕረፍት የሚሄድ ሰው የመፍቻ ሣጥን ይዞ! የትናየት ሣጥኑን አየችና ፊቷን አዞረች። ከማዶ የአየሉ ተራራ በወላፈኑ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

"ተራራ አላልሽም? ይኸውልሽ ተራራ" አላት እየሳቀ።

ወዲያው ስልኩ ጠራ። እጁ በግራሶ ስለተለወሰ፣ "አንሺልኝ፣ ድምፁን ልቀቂው" አላት። አነሣችው። አብዱልበሲጥ ነው።

"እሸቴ! እንዴት ነው፣ ሙቀቱን ቻለችው? ረጅም መንገድ ካልተፈተነች ጥገናዋ አይታወቅም፣ እኔው ራሴ ልንዳልህ ያልከኝ ልክ ነበር። ወላሂ ውለታህን አልረሳም። ድሬዳዋ ስትደርስ ለወንድሜ ታስረክባታለህ አይደል?"

የትናየት ስልኩን ዘጋችው።

"ተከራየሁልሽ ነው ያልከኝ?"

"የትዬ፣ መንገዳችን ስለሆነ ሁለቱንም በአንድ ጉዞ..."

"መኪና ልትፈትንብኝ! ሰው ለፍተሻ አሸዋ ይጭናል፤ አንተ ሚስትህን ጫንክ!"

"አትጩኺ፣ ሰው ያልፋል።"

"ይለፍ! ይስማ! አንድ ነገር ለመንኩህ፤ ወርቅ አላልኩህ፣ ቤት አላልኩህ። ተቀመጥልኝ ነው ያልኩህ!"

እሸቴ መፍቻና ጨርቅ እንደያዘ ቆመ። ዓይኑ ወደ ራዲያተሩ ሄደ። እሷም ዓይኑን አየችው። ቦርሳዋን አወጣች፤ ከሎጊያ የሚመጣ ሚኒባስ ሲደርስ እጇን ዘርግታ አስቆመችና ተሳፈረች። "የትናየት!" ሲል ሰማችው። ዞር አላለችም።

አዋሽ ስትደርስ ሠርካዲስ ብቻዋን አየቻትና፣ "እሸቴስ?" አለች።

"ከሚስቱ ጋር ነው" አለቻት።

በማግሥቱ ባቡሩን ያዘች። እንዳሰበችው አልነበረም፤ መስኮቱ አይከፈትም፣ ከፊት ለፊቷ የተቀመጡት ሰዎች ስለ ከብት ዋጋ እየተከራከሩ ድሬዳዋ ደረሱ። ድሬዳዋም ያው ሙቀት ነው። ሚኒባስ ይዛ በደንገጎ ጠመዝማዛ ስትወጣ ነው አየሩ የተለወጠው። ቁልቢ ስትወርድ ብርዱ ጆሮዋን ቆነጠጣት። ሹራቧን ለበሰች፣ አልጋ ያዘች፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ተኛች።

ሰመራ ሳለች ቶሎ የምትበሳጨው በሙቀቱ ይመስላት ነበር። ሰውም "ሙቀቱ ነው" ይላት ነበር፤ እሸቴ ራሱ ስትቆጣ "ውሃ ጠጪ" ነበር የሚላት። አሁን ጣቷ በብርድ ደንዝዞ ንዴቷ ግን እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ጠርቶ ታያት። ሙቀቱ አልነበረም።

በነጋታው ረፋድ ላይ ነጯ መኪና አልጋ ቤቱ ግቢ ውስጥ ገባች፤ የትናየት ያረፈችበትን ሠርካዲስ ነግራው ኖሯል። እሸቴ ፊቱ እንደበራ ወረደ።

"ከገዋኔ እዚህ ድረስ አንዴ እንኳ ሙቀት አልሠራችም!"

የትናየት አየችው። ብቻዋን እንዴት እንደመጣች፣ እንዴት እንዳደረች እስኪጠይቃት ጠበቀች። አልጠየቃትም።

"ሂድና ለባለቤቷ ወንድም አስረክባት" አለችው። "እኔ በባቡር ነው የምመለሰው።"

ያን ጊዜ ነው የገባው። ፊቱ ጠቆረ። "ይቅርታ" አለ ቀስ ብሎ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣውን ዳገት ብቻዋን ወጣች፤ እሱም መኪናዋን አዙሮ ወደ ድሬዳዋ ወረደ።

ስትመለስ ባቡሩ ውስጥ አገኘችው። ትኬት ያገኘው በሌላ ፉርጎ ነበር፤ ባቡሩ እንደተነሣ እሷ ወዳለችበት መጣ። ከጎኗ አንዲት እናት ልጅ ታቅፈው ተቀምጠዋል። እሸቴ መተላለፊያው ላይ የወንበሩን ጠርዝ ይዞ ቆመ። እጁን አየችው፤ ታጥቦ ነበር፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁረት ብቻ አልለቀቀም።

"ባለቤትሽ ናቸው? ልነሣላቸው እንዴ?" አሏት ሴትየዋ።

"አይነሡ" አለች የትናየት። "ይቁም።"

ሚኤሶን አለፉ። እሸቴ እግሩን እየቀያየረ አዋሽ እስኪደርሱ ቆመ። እሷም ፊቷን ከመስኮቱ አልመለሰችም።