ለሁለት የተከፈለ መድኃኒት

ትምህርት ቤታችን ለእረፍት ሲዘጋ፣ ቀራንዮ የሚኖሩትን አክስቴን እትዬ አስካለን ልጠይቅ ከአያት ሰፈር ተነሳሁ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመሩ ወራት አልፈዋል። ሰሞኑን ግን በስልክ «ሳሉ ተመልሶ መጣብኝ» ብለው እንቅልፍ ነስተውኛል።

እስከ ጦር ኃይሎች በባቡር ቆሜ ሄድኩ። በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅምና ብርቱካን ልገዛ ቆምኩ፤ ሁለት ኪሎ ልል አስቤ ዋጋውን ስሰማ ግማሽ አልኩ። የታክሲው ረዳት «ቀራንዮ፣ አንድ ሰው!» እያለ አራታችንን በአንድ ወንበር ጠቀጠቀን። መንገዱ ተቆፋፍሯል። ብርቱካኔን እንዳቀፍኩ ደረስኩ።

ቀራንዮ

እትዬ ከስተዋል። አጠገባቸው ጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠው ጎረቤታቸው ሙሉነሽ ተቀምጣ ትስላለች። እትዬ የዕለቱን ኪኒን አወጡና ግማሹን እሷ መዳፍ ላይ አደረጉላት።

«እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን ላድርግ ልጄ? ጤና ጣቢያ ስትመላለስ ከታየች ማን ሽንኩርት ይገዛታል? አጠገቤ እየሳለች ብቻዬን ልዳን?»

ልቤ ተነካ፤ ደነገጥኩም። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ የመጽሐፉ ቃል ግን ጠፋብኝ።

«ትኋን ላይ ጥቂት መድኃኒት ሲረጩ ደካማው ይሞታል» አልኳቸው። «ጠንካራው ይተርፍና እንደ ራሱ ያለውን ይፈለፍላል። በኋላ ያው መድኃኒት ምንም አያደርገውም። የሳንባ ነቀርሳም ጀርም እንደዚያ ነው።»

«በግማሽ በግማሽ እየሰጠሁ ሁለታችንንም ልጨርስ ነበር?» አሉ እትዬ።

ሙሉነሽ ኪኒኑን መለሰች። «ሰው ካወቀብኝ ልጆቼን በምን አበላለሁ?» ብላ አለቀሰች።

እትዬ ትንሽ አሰቡና ነጠላቸውን አነሱ። «የኔን መታመም እንደሆነ ሰፈሩ ያውቀዋል። ነይ፣ ደግፊኝ።»

ወደ ጤና ጣቢያ

ከበር እንደወጣን እትዬ ሙሉነሽ ትከሻ ላይ ተንጠልጥለው ማነከስ ጀመሩ።

«የታመመው እኮ ሳንባዎ ነው» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ዝም ብለህ ሂድ አንተ!»

በመንገዱ ያገኘን ሁሉ እትዬን «እግዜር ይማርዎ»፣ ሙሉነሽን «ተባረኪ» አለ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ ጉዱን ሁሉ ሳትቆጣ ሰማች። የሁለቱንም አክታ ለምርመራ ተቀበለች፤ የእትዬ ምርመራ መድኃኒቱ አሁንም ይሠራ እንደሆነ ለማየት ነበር። እስኪታወቅ ድረስ በጣም ፈራሁ።

አያት ስመለስ ጨልሟል። ዓመቱን ሙሉ ስለ ጀርም አስተምራለሁ። ጀርሙ በሰው ፍርሃት ተሸሽጎ፣ በሰው ደግነትም ሳይቀር እንደሚጠነክር ግን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም።

ከቀናት በኋላ እትዬ ደወሉ። «መድኃኒቱ አሁንም ይሠራል አሉኝ። ከእንግዲህ አንድም ቀን አላጎድልም። ሙሉነሽም የራሷን ጀምራለች፤ በየቀኑ እኔን ደግፋ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትውጣለች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን! እንግዲህ እርስዎ ቤትዎ ይረፉ።»

«ሰፈሩስ ምን ይላል?» አሉኝ። «እሷ ጨርሳ እስክትድን አነክሳለሁ።»