ሳንቲም ሲታይ አይወራም

ባለቤቴ ሳንቲም ሲመረምር አይናገርም ነበር። ኩርፊያ አይደለም፤ ምራቅ ፈርቶ ነው። ሰው ሲናገር ለዓይን የማትታይ ምራቅ ታመልጠዋለች። ያቺ ምራቅ አዲስ ሳንቲም ላይ ካረፈች ሰንብታ ቡናማ ነጥብ ትሆናለች፤ ልጥረጋት ያለ ደግሞ ጭረት ይጨምርባታል። ስለዚህ ነጭ ጓንቱን አጥልቆ፣ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ሳንቲሟን በጠርዟ ሲይዝ ከንፈሩ እንደተሰፋ ከረጢት ግጥም ይል ነበር።

ሥራው መነጽር መሥራት ነበር። ቀን የሰው መነጽር ሲሞርድ ይውልና ከሥራ መልስ መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ይቀመጣል። የሚሰበስበው ገበያ ያልወጡ፣ እጅ ያልነካቸውን አዳዲስ ሳንቲሞች ብቻ ነው፤ ባንክ የሚሠራ ወዳጁ እንደታሸጉ ያስቀምጥለታል። ሰብሳቢዎች እንዲህ ላሉት ብቻ የሚሰጡት ውጤት ከስልሳ እስከ ሰባ ነው።

«ገበያ ካልወጡ ሁሉም አንድ አይደሉም እንዴ?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«ሲሠሩ እኮ ከረጢት ውስጥ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ገና ከቤት ሳይወጡ የተቧጨሩ አሉ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶም፣ «እንደ እህቶችሽ» ብሎ ጨመረበት።

ሰባ ማለት በማጉያ ታይቶ አንድም እንከን ያልተገኘበት ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለማንም ሰባ አልሰጠም። ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ስልሳ ዘጠኝ» ይለው ነበር፤ ልማዱ ከሳንቲም አልፎ ነበርና። ሾርባዬ ስልሳ አምስት። የወንድሜ አዲስ ጫማ ስልሳ ሁለት። የሠርጋችን ፎቶ ስልሳ ስምንት፤ ፎቶ አንሺው እጁ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ልጃችንን ላግባ ብሎ የመጣ አንድ የሒሳብ ሠራተኛም ስልሳ ሦስት አግኝቶ ተመለሰ። ጥፋቱ ሰው ሲያናግረው በር በር ማየቱ ነበር።

እኔ በዚያ ዝምታው መጠቀም የጀመርኩት ገና ሙሽራ ሳለሁ ነው። ሳንቲሟን አንስቶ ከንፈሩን እስኪገጥም እጠብቅና፣ «አዲስ መጋረጃ ልገዛ ነው፤ ካልተስማማህ አሁን ተናገር» እለዋለሁ። ቅንድቡ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ቃል የለም። ሳንቲሟን አስቀምጦ መናገር ይችል ነበር፤ ግን የማስቀመጫዋን ክዳን ፈልጎ፣ ከድኖ፣ ጓንቱን አውልቆ እስኪዞር እኔ ኩሽና ደርሻለሁ። በማግስቱ፣

«ይህን መጋረጃ ማን ፈቀደ?»

«አንተ። ትናንት፣ ባለ ዓሣዋን ሳንቲም ስታይ።»

ታላቅ እህቴ ወር ሙሉ እኛ ዘንድ የከረመችው፣ ድመቷም ቤት የገባችው በዚሁ መንገድ ነው። ልጃችን ይህን እያየች አደገች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ አዲስ ጥቅል ፈቶ አንዷን ሳንቲም ሲያገላብጥ ቆየ። ብዙ ቆየ። ወደ መስኮቱ ዘንበል አደረጋት፣ መለሳት፣ ደግሞ ዘንበል አደረጋት። ከዚያ በቀኝ እጁ እርሳስ አነሳና ደብተሩ ላይ ሰባት ቁጥርን ጻፈ። ዜሮዋን ከማስከተሉ በፊት አንድ ጊዜ ደግሞ ሊያይ ሳንቲሟን ወደ ማጉያው አስጠጋ።

ልጃችን የገባችው ያኔ ነው። ከኋላዋ ሴራሚክ አንጣፊ የሆነው ጓደኛዋ ነበር፤ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ጥፍሩ ሥር ግን ሲሚንቶ የቀረ።

«አባዬ» አለች ባንድ ትንፋሽ፣ «ልንጋባ ነው። ካልተስማማህ አሁን ተናገር።»

ቅንድቡ ወጣ። ከንፈሩ አልተላቀቀም።

«በቃ፣ ተስማምቷል። እንሂድ» ብላ ልጁን በክንዱ ጎተተችው።

ልጁ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። «አልተናገሩም እኮ።»

«እሱ ዝም ካለ እሺ ማለቱ ነው። እማዬን ጠይቃት።»

እኔ ጣራ ጣራ አየሁ።

«የለም» አለ ልጁ። «እኔ አሠሪዬ በአፉ ይሁን ሳይለኝ አንዲት ሴራሚክ አላስቀምጥም። ዝም ያሉኝ ሴትዮ ነበሩ፤ መታጠቢያ ቤቱን ከጨረስኩላቸው በኋላ አረንጓዴ መች አልኩህ ብለው ሁሉንም አስነቀሉኝ። አባባ፣ ሥራዎን ይጨርሱ፤ እጠብቃለሁ።»

«ዛሬ ካመለጠን ስልሳ ሦስት ነው የሚሰጥህ» አለችው በሹክሹክታ።

«ይስጠኛ። እኔስ መች እምራለሁ? ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካየሁ ካርቶኑን እንዳለ ለሱቁ እመልሳለሁ።»

ይህን ጊዜ ባለቤቴ፣ ሳንቲሟ ከአፉ አንድ ስንዝር እንኳ ሳትርቅ፣

«ስንጥቋን እንዴት ነው የምታያት?» አለ።

ሳንቲም ይዞ ሲናገር በትዳራችን ሰምቼው አላውቅም።

«ፊት ለፊት አትታይም» አለ ልጁ። «ወደ መስኮት ይዤ ዘንበል አደርጋታለሁ። ብርሃኑ ላይዋ ሲንሸራተት ስንጥቋ ጋ ሲደርስ ይደናቀፋል።»

«ይደናቀፋል» አለ ባለቤቴ ቀስ ብሎ። እሱም የሚያየው እንደዚያው ነበር፤ ሊያስረዳን በጀመረ ቁጥር ግን ወይ እኔ ምድጃ ላይ የጣድኩት ነገር ትዝ ይለኛል ወይ ልጅቷ ያልሠራችው የቤት ሥራ።

ከዚያ ወደ ሳንቲሟ ዝቅ ብሎ አየ። አፉን ገጠመ፤ ግን ረፍዷል። እኔ እንኳ ያለ ማጉያ አየኋት፣ የመርፌ ጫፍ የምታክል እርጥበት። አልጠረጋትም። ከደናት፣ ጓንቱን ጣት በጣት አወለቀ።

«በል ተቀመጥ» አለው ልጁን። «ልጄን ግን እንደ ሴራሚክ ለሱቅ የምትመልሳት እንዳይመስልህ።»

«አልመልስም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ይሁን። በአፌ ነው ያልኩህ።»

ልጄ ወንበር ስባ ድመቷ ላይ ልትቀመጥ ምንም አልቀራት።

ማታ ራት ላይ፣ «ታዲያ ስንት ሰጠኸው?» አልኩት።

«ሥራ ላይ የዋለ ሰው ከስልሳ እስከ ሰባ አይለካም» አለና ሾርባውን ጠጣ።

ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ባለፈው ወር አንድ የሳንቲም ነጋዴ ስብስቡን ሊገዛ መጣ። ያቺ ሳንቲም ጋ ሲደርስ ቆም አለና ደብተሩን አየ። ሰባቱ ተሰርዞ ስልሳ ስድስት ተጽፏል፤ አጠገቡ፣ «ነጥብ አለባት። የኔው ናት» ይላል።

«እማማ፣ ይቺ ነጥብ ባትኖር እኮ እንከን የላትም። እንዲህ የሚጠነቀቁ ሰው ምን ነክቷቸው ነው?»

«ልጃችንን ሲድር ነው» አልኩት።

ክዳኗን ከፍቶ በላይዋ ጎንበስ አለና፣ «ታዲያ እሷን በስንት . . .» ሲል፣

«አፍህን ግጠም፣ ልጄ። አንዷ ነጥብ ትበቃታለች።»

ሌሎቹን ወሰደ። እሷ መስኮቱ ሥር እንዳለች ናት። ባለፈው ሳምንት መጋረጃ ልቀይር አሰብኩና ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ፣ «ካልተስማማህ አሁን ተናገር» አልኩ።

ጥቂት ጠበቅኩና ሄጄ ገዛሁ።