በእንሰቱ ሥር የተቀበረው ወርቅ

ባለፈው ወር ልጄ ሰላም ከሐዋሳ ደወለችልኝ። ስንት ዓመት ጠብቃ፣ ስንት ሐኪም ቤት ተመላልሳ የወለደቻት ሕፃን ገና አንገቷን አላቀናችም።

«እማዬ፣ ለዚች ልጅ አንድ ነገር ላስቀምጥላት ፈልጌ ነበር» አለችኝ። «ወርቅ ቤት ሄጄ የወርቅ ሳንቲም አሳዩኝ። የድሮ ጠገራ ብርም አላቸው። ባሌ ባንክ ይሻላል ይላል። አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?»

ልጄ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «ሃሎ፣ ሃሎ» ትላለች። አልተቋረጠም፤ የቆየ ንዴቴ ነው የተነሣብኝ። ይህን ያህል ዓመት አልፎ እንኳ ወርቅና ልጅ የሚሉ ሁለት ቃላት አብረው ሲነሡ ደሜ ይፈላል። «ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ነው። አባቴ ከመሐል አገር የመጣ ነጋዴ ነበር። ጂንካ ውስጥ ከአውሮፕላን ሜዳው ፊት ለፊት ጨው፣ ጋዝ፣ አቡጀዲና ምስማር የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። ያኔ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከተማው መካከል፣ ሳሩ ላይ ነው፤ ድምፁ ሲሰማ ሰው ሁሉ ተሯሩጦ ከብቶቹን ያባርራል። አባቴ በዚህች ዓለም ላይ የሚጠላው አንድ ነገር ቢኖር ወረቀት ነው። ደርግ የንጉሡን ብር በአዲስ ኖት ሲቀይር የገንዘቡ ግማሽ ሃና በምትባለው ከተማ፣ ሸሪኩ ዘንድ ነበር። ዝናብ ወደዚያ የሚወስደውን የማጎን መንገድ ዘጋው። ጭቃው ደርቆ መኪና እስኪገባ ድረስ የመቀየሪያው ቀን አለፈ። ከዚያ በኋላ ያንን የኖት ክምር በጆንያ አስቀምጦ ይኖር ነበር። «ለስኳር መጠቅለያ እንኳ አይሆንም፤ የላዩ ፊት ያሳስራል» ይል ነበር።

እኔ ባለቤቴን ዮሐንስን ሳገባ አባቴ አንድ ሰሞን አኩርፎኛል። ዮሐንስ የአገሩ ተወላጅ፣ አሪ ነው፤ ጂንካ ተምሮ አስተማሪ የሆነ፣ ቤተሰቡም ጴንጤ። ሰላም ስትወለድ ግን ያ ሁሉ ኩርፊያ የት እንደገባ እንጃ። አባቴ ሕፃኗን ታቅፎ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን «አያችኋት?» ማለት ሆነ ሥራው። ወዲያውም «ለዚች ልጅ የማይቀየር ነገር ነው የማስቀምጥላት» አለ። ስታድግ ለትምህርቷ ይሆናታል፤ አዲስ አበባም ትሂድ ሌላ አገር፣ የማንንም እጅ አታይም፤ ሐሳቡ ይህ ነበር። የእኔም ሐሳብ ይኸው ነበር። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ሱቅ የገባሁ ነኝ፤ ልጄ ባንኮኒ ጀርባ ቆማ ጋዝ ስትቀዳ ማየት አልፈለግሁም።

የዮሐንስ እናት እማማ ማርታ ይህን ስትሰማ ሳቀች። የምትኖረው ከጂንካ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። እንሰት፣ ጎደሬና ጎመን የሞላበት ጓሮ አላት። እሷ በበኩሏ ለልጇ ልጅ አንድ የእንሰት ችግኝ ተክላ፣ ግንዱን በቀይ ጨርቅ አስራ «ይሄ የሰላም ነው፤ ማንም አይቆርጥም» ብላ ነበር። በቤታቸው ልጅ ሲወለድ እንዲያ ያደርጋሉ።

«ወርቅ ይበላል?» አለችኝ። «ወርቅ ይወልዳል? እንሰት ልጅ አለው። የልጅ ልጅ አለው።»

አማርኛዋ የራሷ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም በወንድ አንቀጽ ትጠራለች። ንግግሯ ግን መሬት ጠብ አይልም።

አባቴ እኔንና ሕፃን ልጄን በጭነት መኪና ጭኖ ወደ ወይጦ ቆላ ወሰደን። ሐጂ ኑሩ የሚባል ወዳጁ፣ ከኮንሶ በኩል እየተመላለሰ የሚነግድ ሰው፣ እዚያ ቤት ነበረው። ዳገቱን ወርደን ሜዳው ላይ ስንደርስ ሙቀቱ ፊት ይለበልባል። ሰላምን በነጠላ ሸፍኜ አቧራውን ስከላከልላት ዋልኩ። ሐጂ ሙዝና ቀዝቃዛ ውኃ አቀረበልን፤ ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጎ ከሣጥን ውስጥ አንድ ጨርቅ አወጣ።

ጨርቁ ላይ ሁለት ዓይነት ነገር ነበር። አንደኛው ጠገራ ብር፣ የአንዲት ሴትዮ ምስል ያለበት። ሌላው ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማይበልጥ የወርቅ ሳንቲም፤ ፊቱ ላይ ፈረሰኛ ዘንዶ ሲረግጥ ይታያል። አባቴ ያንን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«ጊዮርጊስ ነው!»

«የእንግሊዝ ገንዘብ ነው» አለ ሐጂ እየሳቀ። «አጎቴ ሐጅ ሄዶ ሲመለስ ያመጣው ነው። አንተ ጊዮርጊስ ካልከው ጊዮርጊስ ይሁንልህ።»

እኔ ግን ብሩን ነበር የፈለግሁት። ብር ሰው ያውቀዋል፤ ሐመሩም በናውም ይገዛል፤ ሲቸግር አንዷን መዞ መሸጥ ይቻላል። «ልጄ ብትታመምብኝ ወርቁን በጥርሴ ልቆርሰው ነው?» አልኩት አባቴን። እሱ ደግሞ ብር ክብደቱ ብቻ ነው፣ ወርቅ ትንሽ ሆኖ ትልቅ ነው አለኝ። እዚያ የሐጂ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ተጨቃጨቅን። ሐጂ መሐላችን ገብቶ «ሁለቱንም ውሰዱ፤ ብሩ ለክፉ ቀን፣ ወርቁ ለደግ ቀን» ብሎ ገላገለን።

አባቴ እያንዳንዱን ጠገራ በድንጋይ ላይ እየጣለ ድምፁን አዳመጠ፤ የሴትዮዋ ደረት ላይ ያሉትን ጠቃጠቆዎች በጥፍሩ እየነካ ፈተሸ። ከጠገራዎቹ ሁለቱን አልወደዳቸውም፤ መለሳቸው። ሰላም ከእቅፌ እጇን ዘርግታ ወርቁን አነሣችና አፏ ውስጥ ከተተችው። ሐጂ «ጥርስ ሳታወጣ ወርቅ ትፈትናለች፤ ይቺ ነጋዴ ናት» አለ። ያን ቀን እኮ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጣጣው የመጣው ማስቀመጡ ላይ ነው። ያኔ ነጋዴ ሲጠረጠር አሻጥረኛ ይባላል፤ ፍተሻ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገለበጠው የነጋዴ ቤት ነው። ስለዚህ ሱቃችን አይሆንም። የእኔና የዮሐንስ ቤት የቀበሌ ነው፤ ወለሉ ገና ሲነካ ጎረቤት ይሰማል። አባቴ አሰበ፣ አሰበና «የአማትሽ ጓሮ» አለኝ። «የገበሬን እንሰት ማን ይቆፍራል?»

«ታዲያ ለእሷ እንንገራት» አልኩት።

«የለም።»

«ለዮሐንስስ?»

«ዮሐንስ የእናቱ ልጅ ነው። ለእሱ የተነገረ ለእሷ ተነገረ፤ ለእሷ የተነገረ ለአገሩ።» አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን የአማቶቼን ሙዝ እየበላ፣ ማራቸውን እየላሰ፣ ልቡን ሙሉ በሙሉ ሰጥቷቸው አያውቅም። በጊዮርጊስ አስማለኝ። እኔም ማልኩ።

እማማ ማርታ ቅዳሜ ገበያ ስትወርድ ጠብቀን ሄድን። ሳንቲሞቹን በጨርቅ ጠቅልሎ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከተታቸው፤ ክዳኑን በሰም ደፈነው። ከዚያ ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን የሰላምን እንሰት ፈልጎ ሥሩ ቆፈረ። «ይቺ ተክል አትቆረጥም ብላለች፤ ከዚህ የተሻለ ምልክት ከየት ይመጣል?» አለ። አፈሩን መልሶ በእግሩ ጠቀጠቀ፤ በላዩም የደረቀ ቅጠል በተነበት። በራሱ ብልሃት እጅግ ረክቶ ዳገቱን እያፏጨ ወረደ።

ዓመታት አለፉ። በሄድን ቁጥር አባቴ ዓይኑ ቀዩን ጨርቅ ይፈልጋል፤ ያገኘዋል፤ ይረጋጋል። እንሰቱም አደገ፤ ግንዱ ወፈረ፤ ቅጠሉ ከቤቱ ክዳን በላይ ሆነ። «የልጄ እንሰት አማረበት» ይላል እማማ ማርታን። እሷም «አዎ፣ በጣም ነው የምጠብቀው» ትለዋለች።

ሰላም አራት ዓመት ሲሞላት መንደር ምሥረታ ሊመጣ ነው፣ የዳገቱ ቤቶች ተነሥተው ወደ መንገድ ሊወርዱ ነው የሚል ወሬ ተነሣ። አባቴ እንቅልፍ አጣ። «ጣሳውን እናውጣ» አለኝ። አሁንም ቅዳሜ፣ አሁንም እማማ ማርታ ገበያ ስትሄድ፣ ሰላምንም ይዛት እንድትሄድ አድርገን፣ ልንቆፍር ወጣን። በዋዜማው የዘነበው ዝናብ መንገዱን ቀይ ማጥ አድርጎታል፤ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ነው የደረስነው።

አባቴ ከቀዩ ጨርቅ ሥር ቆፈረ። የለም። በግራ በኩል ቆፈረ። የለም። በቀኝ ቆፈረ፤ ሥሩን ቆራረጠው፤ አሁንም የለም። «ወደ ታች ሰርጎ ይሆናል» እያለ እስከ ጉልበቱ ገባ። እኔ ደግሞ በጎደሬ መኮትኮቻ አጠገቡ ያሉትን እንሰቶች እፈትሻለሁ። ላብና ጭቃ ዓይኔ ውስጥ ገባ። «ሰርቀውታል» አለ መጨረሻ ላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አላልኩሽም?»

በዚህ መሐል እማማ ማርታ ከገበያ ተመለሰች። የጨው ቋጠሮዋን ጭንቅላቷ ላይ እንደተሸከመች፣ ሰላምን በእጇ እንደያዘች፣ ጓሮዋን አየችው። ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል።

«ምን ጠፋ?» አለች።

አባቴ ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብሎ «ፍልፈል ነው» አላት። «ፍልፈል ገብቶብሽ እሱን ልንገድልልሽ ነው።»

ዕድሜውን ሙሉ ምስማር ሲሸጥ የኖረ ሰው! እሷ የጉድጓዶቹን አፍ አንድ በአንድ አየች። «ፍልፈል እዚህ የለም። ፍልፈል አፈር ይከምራል፤ ክምሩ የታለ?»

እኔ ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ጊዮርጊስ ይቅር ይበለኝ ብዬ መሐላዬን ጣልኩት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳንቲሞቹን፣ ጣሳውን፣ ምልክቱን። አባቴ «አንቺ ልጅ!» ብሎ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

እማማ ማርታ ሸክሟን አወረደች። መጀመሪያ አልተቆጣችም፤ ግራ ገባት።

«እንሰት አንድ ቦታ ይቆማል እንዴ?» አለች።

በእነሱ አገር ሕፃን እንሰት እንደ ሕፃን ሰው ነው፤ መደብ ላይ ይበቅላል፣ ከዚያ ይነቀልና ሰፋ ያለ ቦታ ይተከላል፣ ጎልመስ ሲል ደግሞ ወደ ደህናው አፈር ይሄዳል። የሰላምን እንሰት ደግሞ ከሁሉ አብልጣ ስለምትወደው ሁለት ጊዜ አዛውራዋለች፤ መጨረሻም ከብቶቹ ከሚያድሩበት አጠገብ፣ ፍግ ከሚጣልበት አስቀምጣዋለች። ይህን የማያውቅ አሪ የለም። አባቴ ግን እንሰትን እንደ ዋርካ ነበር የቆጠረው፤ እኔም የሱቅ ልጅ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ።

«መጀመሪያ የት ነበር?» አላት አባቴ።

እጇን አነሣችና ከአጥሩ ማዶ አመለከተች። እዚያ፣ በበጋው ገበሬ ማኅበሩ የሠራው አዲስ የመማሪያ ክፍል ቆሟል፤ በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ። ሜዳ መሬት ሲፈልጉ እማማ ማርታ ናት የችግኝ መደቧን ቦታ የሰጠቻቸው። «ልጆች ይማሩ ብዬ» አለች። «አንድ ቃል ብትነግሩኝ እኮ ጣሳውን ከችግኙ ጋር አነሣው ነበር።»

ከዚያ ነው የተቆጣችው። በእኔ አይደለም፣ በአባቴ። «አንተ ቤቴ በላህ፣ ጠጣህ» አለችው። «ልጄን ልጅህ አደረግህ። ሌባ ነው የመሰልኩህ?»

ወለሉን መቆፈር አይታሰብም፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ምን ትፈልጋላችሁ ቢል የተደበቀ ወርቅ ልንለው ነው? ዮሐንስ ነገሩን ሲሰማ ስለ ሳንቲሙ አንድ ቃል አልተናገረም። «ከእናቴ?» ብቻ አለኝ፤ ስንት ቀን ያንኑ አለኝ። የባሰው ደግሞ በዓመቱ እዚያው ክፍል እንዲያስተምር ተመደበ። ጠመኔ ይዞ ሲቆም አንዳንዴ ሳያስበው ወለሉን በተረከዙ መታ መታ ያደርግ ነበር። ሰላም ሀሁ የቆጠረችው እዚያ ነው፤ ለትምህርቷ የተገዛው ወርቅ ላይ ተቀምጣ። አባቴ እስኪሞት ድረስ በዚያ ባለፈ ቁጥር ደጃፉን እንደ ቤተ ክርስቲያን ይሳለመው ነበር። በኋላ ወለሉ ሲሚንቶ ተደረገ።

ይህን ያወራሁላቸው ሰዎች «እንዴት ደስ ይላል፤ ወርቁ ትምህርት ሆነ ማለት ነው» ይሉኛል። አንዳንዱም «እንሰቱ እስከ ዛሬ ልጅ ይወልዳል፤ እማማ ማርታ ልክ ነበረች» ይለኛል። ይህን ስሰማ እበሽቃለሁ። ትምህርቷን ያስተማርናት ባለቤቴ ከደሞዙ ላይ እየቆረጠ፣ እኔ ድንች እየቸረቸርኩ ነው። ያንን ወርቅ ዛሬም እፈልገዋለሁ። የሐጂ ኑሩ ባለ ፈረሰኛ ሳንቲም አሁን ስንት እንደሚያወጣ ሳስብ ራሴን ያመኛል።

ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እማማ ማርታ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ደርግ ወደቀ፤ ክፍሉ ሁለት ጊዜ ታደሰ፤ ሰው አካፋ ይዞ ወጣ ገባ። እሷ ግን ስለዚያ ጣሳ ለጎረቤት፣ ለእህቶቿ፣ ለሌሎቹ ወንዶች ልጆቿ እንኳ ትንፍሽ ሳትል ሞተች። አባቴ ያላመናት ሴት ከእኛ ሁሉ ይልቅ ምስጢሩን ጠበቀችው።

ማታ ለሰላም መልሼ ደወልኩ።

«ቆይ፣ ብትገዢው የት ልታስቀምጪው ነው?» አልኳት።

«እሱን አትጠይቂኝ» አለች እየሳቀች። «ለባሌም አልነግረውም።»

«እንግዲያስ ስሚኝ» አልኳት። «ወርቁንም ግዢ፣ ብሩንም ግዢ፣ እንደፈለግሽ። ብቻ ሳትደብቂው በፊት አማትሽን ጥሪና እጇን ይዘሽ ቦታውን አሳዪያት።»

«አማቴን?»

«አዎ፣ አማትሽን።»