መርዶ የለመደ ስልክ

የስልኬን ኪቦርድ እረግመዋለሁ። ሰው በዕቃ አይቆጣም ይሉኛል፤ እኔ ግን እቆጣለሁ። አንድ ፊደል ስነካ ቃሉን ከአፌ ነጥቆ ራሱ ይጨርሰዋል። አጥፍቼ ስጽፍ መልሶ ያመጣዋል። አውቅልሃለሁ ባይ ሰው ያንገሸግሸኛል፤ ዕቃ ሲሆን ደግሞ ባሰ። የሚያናድደኝ ግን ያንን ሁሉ የተማረው ከገዛ ጣቴ መሆኑ ነው።

እዚህ ላሊበላ የሠፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። ቅሬ የምንለው ሰው ሲሞት ተሰብስበን የምንቀብርበትን ማኅበር ነው። ድሮ ለፋፊ አፋፍ ላይ ወጥቶ ይጣራ ነበር፤ አሁን እኔ በስልክ መልእክት አደርሳለሁ። «አባታችን ዛሬ አርፈዋል» እላለሁ፣ «እናታችን ዛሬ አርፈዋል» እላለሁ፣ ከሥር ስማቸውንና የሚቀበሩበትን ቤተ ክርስቲያን እጽፋለሁ። የማንም አባት ቢሆን አባታችን ነው የምንለው። ስልኩም ይህንን ደጋግሜ ስጽፍ ለመደው።

ታናሽ እኅቴ ያገባችው ራቅ ብላ ኮን ከተማ ነው። እናታችን የሞተች ጊዜ አንድ ዘመድ ደወለና ገበያ መሃል፣ ነጭ ሽንኩርት ስትሸጥ ነገራት። ከሽንኩርቱ ላይ ነው ያነሷት። በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌዎች ማልደው ይሄዳሉ፤ ጎረቤቶቿ ቀድመው ሰምተው ደጇ ላይ ይቆማሉ፤ የሚይዛት ሰው መኖሩ ሲታወቅ ይነገራታል። አባታችን ሲታመሙ መጥታ ሰነበተች፤ ወደ ልጆቿ ልትመለስ ስትል እጄን ያዘች።

«ወንድምዓለም፣ የአባባን ነገር በስልክ እንዳልሰማ። ሰው ላክብኝ» አለች።

ማልኩላት። እንዴት እንደዋሉ ግን በየቀኑ ልጽፍላት ተስማማን።

አንድ ረፋድ ላይ አባታችን ቀና ብለው አጥሚት ጠጡ። ስንት ቀን እምቢ ያሉትን ሲጠጡ ሳይ ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። በአንድ እጄ ኩባያውን እንደያዝኩ በሌላው አውራ ጣቴ «አባታችን ዛሬ አ» ብዬ ጀመርኩ፤ «አጥሚት ጠጡ» ልል ነው። ስልኩ በለመደው ጨረሰው፣ እኔም ሳላየው ላክሁት። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ ኔትወርኩም አብሮ ሄደ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከጣት የወጣው ደግሞ ኮን ደርሷል።

በማግሥቱ ደጃችን ላይ ለቅሶ ሰማሁ። እኅቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የኮን ጎረቤቶቿ ግራና ቀኝ ደግፈዋት ትመጣለች። የጻፍኩት የቅሬው ጸሐፊ ነኝና ማን ይጠራጠራል። «ሞፈሩን ማን ያንሣው፣ እንግዳውን ማን ይቀበለው» እያለች ሙሾ ታወርዳለች። የእኛ ጎረቤቶችም፣ ጠዋት አባታችንን «እንዴት አደሩ» ብለው ያለፉት ሳይቀሩ፣ እየሮጡ መጥተው አብረው ያለቅሳሉ።

አባታችን ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እኅቴ ስታያቸው ድምፅዋ ተቋረጠ፤ ሰዎቹ ባይዟት ትወድቅ ነበር።

«አልቅሺ እንጂ ልጄ፤ ይህን ሁሉ መንገድ ደክመሽ መጥተሽ» አሏት። ቀጥለውም፣ «ያወረድሽልኝን ሰማሁት። ለካ ደግ ሰው ኖሬያለሁ» አሉ።

የሳቀውም ያለቀሰውም አንድ ላይ ነበር። ባለቤቴ ለመጣው ሰው ንፍሮ ትቀቅል ወይስ ወጥ ትሥራ ግራ ገብቷት በጆሮዬ ስትጠይቀኝ አባታችን ሰሟት። «ወጥ ሥሪላቸው፤ ንፍሮው ይቆየኝ» አሉ።

እኅቴ ለብቻዬ ወስዳ ጠየቀችኝ። ስልኩን አውጥቼ፣ እያየችኝ «አባታችን ዛሬ አ» ብዬ ጻፍኩ፤ ያንኑ አመጣው። ብዙ አየችው። «እንግዲህ ከእሱ የመጣ ሞት አላምንም» አለች። እኔም እንዳታምኚ አልኳት።

አባታችን ከፋሲካ በኋላ አረፉ። ስልኩን አልነካሁትም። የሠፈሩን ሰው እንደ ድሮው በለፋፊ አስጠራሁ፤ ወደ ኮን ሁለት ሽማግሌዎች መኪና ይዘው ሄዱ። ነጋ ነጋ ሲል ደረሱ። ሁሉም እንደ ሥርዓቱ ነበር፤ ጎረቤቶቿም ደጇ ላይ ቆመው ነበር። ቃሌን ጠበቅሁ ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ።

ኋላ ሽማግሌዎቹ እንደነገሩኝ በሩን ከፍታ ስታያቸው ፈገግ አለች።

«ያ የወንድሜ ስልክ ነው» አለቻቸው። «እናንተንም በከንቱ አደከማችሁ? ግቡ አባቶቼ፣ ቁርስ ቅመሱ።»

በርጩማውን በነጠላዋ ጠርጋ አቀረበችላቸው። ሽማግሌዎቹ ግን አልተቀመጡም።